ድንበሩን ማን አሰመረው? የስኮትላንድ ክለቦችና የእንግሊዝ ሊግ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስበው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተሉ ሰዎች ከሚያነሷቸው ክርክሮች አንዱ ይህ ነው፦ «ሴልቲክና ሬንጀርስ እዚህ ሊግ ውስጥ ለምን አይገቡም? ንጉሡ አንድ፣ ፓስፖርቱ አንድ፣ ገንዘቡም አንድ!» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሴልቲክ ሜዳ ወደ 60,000፣ የሬንጀርሱ አይብሮክስ ደግሞ ወደ 50,000 ተመልካች ይይዛል። ይህን ያህል ደጋፊ በየሳምንቱ የሚሰበስብ የእንግሊዝ ክለብ ከጣት ቁጥር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ምን ያግዳቸዋል? በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በደጋፊ ዓይን ሳይሆን በታሪክ ዓይን እንመልከተው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው 1707 ነው። በዚያ ዓመት ስኮትላንድና እንግሊዝ በአንድ ፓርላማ ሥር ሲዋሃዱ ስኮትላንድ ሁሉንም ነገር አላስረከበችም። ሕጓን፣ ቤተ ክርስቲያኗንና የትምህርት ሥርዓቷን ይዛ ቀርታለች። በመካከላችን ያሉ መምህራን እንደሚያውቁት፣ በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በማዕረግ ለመያዝ ዛሬም በተለምዶ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በእንግሊዝ ግን 3 ዓመት። መንግሥት አንድ ሆኖ ተቋማት ሁለት ሊሆኑ እንደሚችሉ ስኮትላንዶች ኳስ ከመምጣቱ 160 ዓመት በፊት ለምደውት ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እግር ኳስ ሲጀመር ድንበር አልነበረውም። በ1867 ግላስጎው ውስጥ የተመሠረተው ኩዊንስ ፓርክ የተባለው ክለብ በመጀመሪያው የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ፣ በ1871-72 ውድድር፣ ተሳታፊ ነበር። ዋንጫው ሲገዛም አንድ ጊኒ አዋጥቷል። ለግማሽ ፍጻሜ ለንደን ድረስ ተጉዞ ከዋንደረርስ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። ዳግም ጨዋታ ሲታዘዝ ግን ለንደን የሚያቆይ ገንዘብ አልነበረውምና ሳይሸነፍ ከውድድሩ ወጣ። ልብ በሉ፤ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ዋንጫ፣ ስኮትላንዶችን ወደ ቤታቸው የመለሳቸው የኳስ ችሎታ ማነስ ሳይሆን የኪስ ጉዳይ ነው።

በዚያው ዓመት ህዳር 30 ቀን 1872 በዓለም የመጀመሪያው ይፋዊ የብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ ግላስጎው ላይ ተደረገ። ስኮትላንድና እንግሊዝ 0 ለ 0 ተለያዩ። የስኮትላንድ አስራ አንዱም ተጫዋቾች ከኩዊንስ ፓርክ የተውጣጡ ነበሩ። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ኳስ ያገኘው ሰው እየነዳ ወደ ፊት የሚሮጥበትን አጨዋወት ሲከተሉ፣ ስኮትላንዶች ኳስ ለጓደኛ ማቀበልን አዳብረው መጡ። ዛሬ «ፓስ» የምንለው ነገር ትልቅ ባለውለታው ግላስጎው ነው። ኩዊንስ ፓርክ በ1884 እና በ1885 ለኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በብላክበርን ሮቨርስ ተሸነፈ። ሬንጀርስም በ1887 ግማሽ ፍጻሜ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ በሩ የተዘጋው ያኔ ነው። በ1887 የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር ክለቦቹ በሌላ ማኅበር ውድድር እንዳይሳተፉ ወሰነ። ምክንያቱ ሥልጣን ነበር፤ ክለቦቹ ለሁለት ጌታ እንዲገዙ አልፈለገም። ከሥልጣኑ ሥር ደግሞ ገንዘብ ነበረ። እንግሊዝ በ1885 ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈልን ፈቅዳለች፤ ስኮትላንድ ግን እስከ 1893 ድረስ ከለከለች። ስለዚህ ዛሬ የምንከራከርበትን ድንበር እንግሊዞች አጥረውት ስኮትላንዶች ውጭ የቀሩ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። አጥሩን የሠሩት ራሳቸው ስኮትላንዶች ናቸው።

አጥሩ ክለቦቹን እንጂ ሰዎቹን አላስቀረም። ደመወዝ ወዳለበት ወደ ደቡብ የተሰደዱት ስኮትላንዳውያን ተጫዋቾች ብዛታቸውና ችሎታቸው የተደነቀ ስለነበር እንግሊዞች «ፕሮፌሰሮቹ» ይሏቸው ጀመር። (ከዩኒቨርሲቲ ምረቃ ውጭ ማዕረጉን ያገኙ ሰዎች መሆናቸውን መምህራኖቻችን ይታገሡናል።) በ1888 የእንግሊዝን ሊግ ያቋቋመው የአስቶን ቪላው ዊልያም ማክግሪጎር ስኮትላንዳዊ ነው። የመጀመሪያውን ሊግ ሳይሸነፍ የበላው ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በስኮትላንዳውያን የተሞላ ነበር። ሊቨርፑል በ1892 ሲመሠረት ቡድኑ የተገነባው ከዚያው ከሰሜን በመጡ ልጆች ነው። ከዚያም በኋላ ማት በዝቢ፣ ቢል ሻንክሊ፣ ኬኒ ዳልግሊሽ፣ አሌክስ ፈርጉሰን እያልን መቁጠር እንችላለን። ስኮትላንድ እንግሊዝ ሊግ ውስጥ ትግባ አትግባ ስንከራከር፣ ሰዎቿ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ናቸው። የቀረው ክለቦቹ ብቻ ነው።

ታዲያ አገር ቤት የቀረው ሊግ ጠፋ? አልጠፋም እኮ! የስኮትላንድ ሊግ በ1890 ተቋቁሞ በራሱ እግር ቆመ። በ1937 ሃምደን ፓርክ ላይ ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ስትጫወት ወደ 150,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቷል። በ1948 እና በ1965 መካከል ከሁለቱ የግላስጎው ኃያላን ሌላ ሂበርኒያን፣ አበርዲን፣ ሃርትስ፣ ዳንዲና ኪልማርኖክ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ1967 በጆክ ስታይን የሚሠለጥነው ሴልቲክ ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ከብሪታንያ ክለቦች የመጀመሪያው ነበር። ተጫዋቾቹ በሙሉ ከሜዳው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በማይርቅ አካባቢ የተወለዱ ነበሩ። በ1983 ደግሞ በወጣቱ ፈርጉሰን የሚመራው አበርዲን ሪያል ማድሪድን አሸንፎ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን አነሣ።

አበርዲን በ1985 ሊጉን በላ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ባሉት 40 ዓመታት ዋንጫው ከሴልቲክና ከሬንጀርስ እጅ አልወጣም። ለምን? ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ደቡብ ነው፤ «የእንግሊዝ ገንዘብ ገደለን» ይላል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል። በስኮትላንድ ሊግ በድሮው ደንብ ከትኬት ሽያጭ ለእንግዳው ቡድንም ድርሻ ይሰጠው ነበር። ትንሽ ክለብ አይብሮክስ ሄዶ ቢሸነፍም እንኳ የሆነ ነገር ይዞ ይመለሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህ ቀረና ባለሜዳው ገቢውን በሙሉ እንዲወስድ ተደረገ። 50,000 ሰው የሚሰበስበውና 5,000 ሰው የሚሰበስበው በአንድ ሊግ ውስጥ እየተጫወቱ በገቢ ግን ተለያዩ። እርግጥ ነው፣ ሴልቲክ በድሮው ደንብም ከ1966 እስከ 1974 ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ደንቡ ብቻውን ሁሉንም ነገር አያስረዳም። ሆኖም ያኔ የአንድ ትውልድ የበላይነት የነበረው ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥርዓት ሆነ።

ለጥቂት ዓመታት ደግሞ ፍሰቱ ተገላበጠ። በ1985 ከሄይሰል አደጋ በኋላ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ሲታገዱ፣ በ1986 ወደ ሬንጀርስ የመጣው ግሬም ሱነስ ቴሪ ቡቸርን የመሰሉ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ግላስጎው አመጣ። ገንዘቡ ሲኖር ድንበሩ ወዲያም ወዲህም ያሳልፋል ማለት ነው። በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ሲፈጠር ግን ሚዛኑ ለይቶለት ወደ ደቡብ አጋደለ። ከ2025 የሚጀምረው የፕሪሚየር ሊግ የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ውል ለ4 ዓመት 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። የስኮትላንድ ሊግ ዋናው የቴሌቪዥን ውል በዓመት 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ያየ የሴልቲክ ወይም የሬንጀርስ ሰው ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ሙከራም አልጠፋም። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከሆላንድ፣ ከቤልጂየም፣ ከፖርቱጋልና ከስኮትላንድ ትልልቅ ክለቦችን የሚያሰባስብ «የአትላንቲክ ሊግ» ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ወረቀት ላይ ቀረ። በ2009 ከቦልተን ክለብ በኩል ሴልቲክንና ሬንጀርስን ያካተተ ባለ ሁለት ደረጃ ፕሪሚየር ሊግ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በዚያው ዓመት ህዳር ተሰብስበው አይሆንም አሉ። ሊገባን ይገባል፤ ሁለት ክለብ ሲገባ ሁለት ክለብ ቦታ ያጣል። ቦታውን ለመልቀቅ ማን እጁን ያወጣል? ስለዚህ እስካሁን ያለው ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

«ዌልሶች ተፈቅዶላቸው የለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ሬክሳም በእንግሊዝ ሊግ ይጫወታሉ፤ ካርዲፍ በ1927 አርሰናልን አሸንፎ ኤፍኤ ዋንጫን ዌልስ ወስዶታል። ከስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ያለችው የእንግሊዟ ከተማ የቤሪክ ክለብም በተቃራኒው በስኮትላንድ ይጫወታል፤ በ1967 ሬንጀርስን ከስኮትላንድ ዋንጫ ያስወጣው እሱ ነው። የዌልስ ብሔራዊ ቡድንም አልፈረሰም፤ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። እንግዲያው «ክለቦቹ ከሄዱ ብሔራዊ ቡድኑ ይሞታል» የሚለው ክርክር ብዙ ውሃ አያነሣም። ነገር ግን የዌልስን ሌላ ገጽ እንመልከት። አገሪቱ የራሷን ብሔራዊ ሊግ ያቋቋመችው ገና በ1992 ነው። ትልልቆቹ እንግሊዝ ውስጥ ስለቀሩ ሊጉ ያለ ትልልቆቹ ተወለደ፤ የሰውም የቴሌቪዥንም ዓይን ዛሬም ካርዲፍና ስዋንሲ ላይ ነው።

ስኮትላንድ ራሷ ሳትፈልግ አንድ ሙከራ አይታለች። በ2012 ሬንጀርስ በዕዳ ምክንያት ሲፈርስ ክለቡ በአዲስ ኩባንያ ሥር ከአራተኛው እርከን እንዲጀምር ተደረገ። ሊጉ ያለ ሬንጀርስ ይጠፋል ብለው የተነበዩ ብዙዎች ነበሩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሴይንት ጆንስተን በ2014፣ ኢንቨርነስ በ2015 በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የስኮትላንድን ዋንጫ ወሰዱ። ሂበርኒያን በ2016 ከ114 ዓመት በኋላ ያንኑ ዋንጫ አነሣ። ሊጉን ግን በነዚያ ዓመታት ሁሉ የበላው ሴልቲክ ነው፤ ሃርትስን የመሰለ ትልቅ ክለብም በዕዳ ተይዞ ለመፍረስ ደርሶ ነበር። የዚህ ትርጉም ሁለት ነው። ትንንሾቹ ትልቁ ስለሄደ አይሞቱም፤ ትልቁ ስለሄደ ብቻም አይድኑም።

ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ አቋም መግባት የለባቸውም የሚል ነው። ድንበሩ የተቀደሰ ስለሆነ አይደለም። በ1887 ሰዎች በስብሰባ ወስነው ያሰመሩት ነው፤ ሰዎች በስብሰባ ሊያነሡት ይችላሉ። ነጥቡ በሽታው ያለው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ሊግ እንደ ዕድር ነው፤ ሀብታሙም ቢሆን ራሱን ተሸክሞ አይቀብርም። ሴልቲክ ያለ ኪልማርኖክ፣ ሬንጀርስ ያለ ማዘርዌል አንድም ግጥሚያ ማድረግ አይችልም፤ የሚሸጡት ትኬት የሁለት ቡድን ሥራ ነው። በስኮትላንድ ሊግ ካሉት 42 ክለቦች ሁለቱ ቢሄዱ፣ 40ዎቹ ይህንኑ ደንብ ይዘው፣ ግን የቴሌቪዥን ገዢ የሚጠሩላቸው ሳይኖሩ ይቀራሉ። የሄዱትም በየዓመቱ ሻምፒዮን ሆነው የአውሮፓን በር ማንኳኳታቸው ቀርቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ አሥረኛ ለመሆን መታገል ሊሆን ይችላል ዕጣቸው።

ከመሻገሩ በፊት የሚቀድም አንድ የቤት ሥራ አለ፤ ገቢን መጋራት። ድሮ የነበረ ነገር ነው፤ አዲስ ፍልስፍና አይጠይቅም። እርግጥ ሁለቱ ኃያላን ወደውት አይቀበሉትም። ነገር ግን በ1887 ጠንካሮቹ ክለቦች ለንደን ሄደው መጫወት እየፈለጉ ማኅበሩ የሁሉንም ቤት አስቀድሞ ወስኗል። ያ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል፤ ተጫዋቾቹ ተሰድደዋል። ቢሆንም ሃምደንን የሞላው ሕዝብ፣ የሊዝበኑ ዋንጫና የአበርዲን ድል የተገኙት ከዚያ ቤት ነው። የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው ነው እንጂ የጎረቤት ሳሎን አይደለም።