በምሽቷ ያደረች ከተማ

የጥንቱ የቬኒስ ሰው ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። የሠርክ ጸሎት ደወል ከተሰማ በኋላ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ሆነ» ይላል፤ ቆጠራው በማግስቱ ጀንበር እስክትጠልቅ ድረስ እስከ 24 ይዘልቃል። በ1499 በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የተመረቀው የሰዓት ማማ ዛሬም ገጹ ላይ 24 ቁጥሮች አሉት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰሜን የመጡ መንገደኞች በዚህ ቆጠራ ግራ ይጋቡ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ብለን ቀጠሮ ለምንይዝ፣ በዓልንም ከዋዜማው ለምንጀምር ለእኛ ግን ነገሩ ባዳ አይደለም።

ቬኒስ በቦዮቿ፣ በመስታወት ሥራዋና በመርከቦቿ ትታወቃለች። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ምሽቷ ነው። ዛሬ በየትልልቁ ከተማ የምናውቃቸው የማታ ነገሮች፣ ማለትም ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ኦፔራ፣ መንግሥት የፈቀደው ቁማር ቤት፣ እስከ ውድቅት የማይዘጋ ቡና ቤት፣ በዚህች ውሃ ላይ በቆመች ከተማ ወይ ተጀምረዋል ወይ ቅርጻቸውን ይዘዋል። የቬኒስ ሪፐብሊክን የመጨረሻ ዘመን የሚተርኩ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ይወቅሷታል፤ ሪፐብሊኳ ጭንብሏን እንዳጠለቀች፣ እየጨፈረች ሞተች ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ቬኒስ የኖረችበት እንጂ የሞተችበት አይደለም ምሽቷ።

በመጀመሪያ ግን ሌሊቱ አስፈሪ ነበር። በቦዮቹ ዳር ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ብዙው ቦታ መከለያ አልነበረውም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አንድ እርምጃ የሳተ ሰው ውሃ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ጩቤ የታጠቀ ዘራፊ አለ። ስለዚህ ከተማዋ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «የሌሊት ጌቶች» የሚባሉ ሹማምንት ነበሯት። ቁጥራቸው ስድስት ሲሆን፣ ስድስቱ የከተማዋ ክፍሎች አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። ሰዎቻቸው በጨለማ እየዞሩ መሣሪያ የደበቀውን ይፈትሹ፣ ሌባውን ይይዙ ነበር። ብርሃን ከተባለ ለረጅም ዘመን የነበረው በየማዕዘኑ በቅዱሳን ሥዕል ፊት የሚበራው የዘይት ኩራዝ ነው። ምእመኑ ለቅዱሱ ያበራዋል፤ አላፊ አግዳሚው መንገዱን ያይበታል።

ከዚህ ጨለማ አንድ ሙያ ተወለደ። ኮዴጋ ይሉታል፤ ፋኖስ ይዞ ሰው የሚሸኝ ድሃ ነው። በቲያትር ቤትና በቁማር ቤት ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጌታው ወይም እመቤቲቱ ሲወጡ ፊት ፊት እያበራ ከድልድይ ድልድይ አሻግሮ ቤታቸው ያደርሳል፤ ሳንቲሙን ተቀብሎ ይመለሳል። ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ ማን ኪሱ ባዶ ሆኖ እንደተመለሰ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በ1732 መንግሥት የመንገድ መብራት በሕዝብ ገንዘብ ማብራት ጀመረ፤ የኮዴጋው ሥራም እየተመናመነ ሄደ። ስለ ቬኒስ ምሽት ሲጻፍ የመኳንንቱ ስም ይደረደራል። ምሽቱን በእግሩ ያቆመው ግን ይህ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቬኒስ ለምን ምሽቷን ወደ ገበያ አወጣች? ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ከደረሰ ወዲህ የቅመም ንግድ የቬኒስ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቆጵሮስን በ1571 ኦቶማኖች ወሰዱባት። በ1630 የገባው ወረርሽኝ ደግሞ ከነዋሪዋ ሲሶ ያህሉን ጨረሰ። እንዲህ የቆሰለች ከተማ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። እሷ ግን በ1637፣ የሐዘኑ ዓመታት ገና ሳይርቁ፣ የሳን ካሲያኖን ቲያትር ለሕዝብ ከፈተች።

ከዚያ በፊት ኦፔራ የቤተ መንግሥት ነበር። መስፍኑ ሲያገባ ወይም ልጅ ሲወለድለት ይዘጋጃል፤ የተጠራ ብቻ ያየዋል። በሳን ካሲያኖ ግን የከፈለ ሁሉ ገባ። የመጀመሪያው ትርኢት «አንድሮሜዳ» ሲሆን ግጥሙን ቤኔዴቶ ፌራሪ፣ ዜማውን ፍራንቼስኮ ማኔሊ ሠሩት። ባለጸጋ ቤተሰቦች በዙሪያው የተደረደሩትን ትንንሽ ክፍሎች በዓመት ኪራይ ይይዛሉ፤ መሬት ላይ ያለውን ወንበር ደግሞ ማንም ገዝቶ ይቀመጣል። ቦታ ሲተርፍ ጎንዶላ ቀዛፊዎች በነጻ ይገቡ ነበር፤ ጭብጨባቸውና ፉጨታቸውም ዘፋኙን ያነሣል ወይ ይጥላል። ቲያትር ቤቶቹ የሚጠሩት ባሉበት ሰበካ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሳን ሞይሴ፣ ሳን ሳሙኤሌ፣ ሳን ሉካ እየተባሉ። የቅዱስ ማርቆስ የመዘምራን አለቃ የነበረው ሞንቴቬርዲ እንኳ፣ ሰባውን ከተሻገረ በኋላ፣ በ1643 የኔሮንና የፖፔያን ታሪክ ለሕዝብ ቲያትር በዜማ ሠራ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አረፈ። መቶ ዘመኑ ሳያልቅ በዚህች አንዲት ከተማ ከ300 በላይ ኦፔራዎች ለመድረክ በቅተዋል።

ሳን ካሲያኖ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1638፣ መንግሥት በሳን ሞይሴ ሰበካ በዳንዶሎ ቤተሰብ ሕንጻ ውስጥ ሪዶቶ የተባለውን ቁማር ቤት ፈቀደ። ቁማርን ማጥፋት አልተቻለም፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በሕግ ዓይን ሥር ሆኖ ግብር ይክፈል ተባለ። ካርታውን የሚያከፋፍሉት ሀብታቸውን ያጡ መኳንንት ብቻ ነበሩ። እነሱ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ሰው ሠራሽ ጸጉራቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ገልጠው ይቀመጣሉ። ሌላው ተጫዋች ጭንብል ማጥለቅ አለበት።

ጭንብሉ ባውታ ይባላል። ነጭ ሆኖ ከታች ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፤ ሳያወልቁት መብላትና መጠጣት ይቻላል፤ ድምፅንም ይለውጣል። ከላዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ፣ ከታች ጥቁር ካባ አለ። ይህን የለበሰ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ሹምም ሆነ ነጋዴ፣ «እመት ጭንብል» ተብሎ ይጠራል፤ ሰላምታውም እኩል ነው። ጭንብል የሚፈቀደው ለቅበላ ሰሞን ብቻ አልነበረም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ቲያትር ሲከፈት ይጀምራል፤ ለገና ያርፋል፤ ከእስጢፋኖስ በዓል እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይቀጥላል፤ በዕርገት በዓል ገበያ ጊዜም ይመለሳል። ሲደመር የዓመቱን እኩሌታ ያህላል። ዘር በወርቅ መዝገብ ተጽፎ በሚጠበቅበት አገር፣ ሰው በማታ ማንነቱን ማሳረፍ መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጸሐፊዎች በጭንብሉ ሥር ኃጢአት ብቻ ያያሉ፤ እኔ ከዚያ ጋር ትንሽ እፎይታም አይበታለሁ።

ወደ ቡናው ስንመጣ ታሪኩ ወደ እኛ ይጠጋል። በ1585 በቁስጥንጥንያ የነበረው የቬኒስ መልእክተኛ ጃንፍራንቼስኮ ሞሮሲኒ፣ ቱርኮች እንቅልፍ የሚያባርር ጥቁር ትኩስ ውሃ እንደሚጠጡ ለአገሩ ሸንጎ ተናገረ። ካይሮ የነበረው ሐኪም ፕሮስፔሮ አልፒኒም በ1592 ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን ገልጾታል። ከኢትዮጵያ ጫካ ተነሥቶ በየመን የለማው ቡና፣ ከሞካ ወደብ በቀይ ባሕር ወጥቶ፣ በግብፅ በኩል የቬኒስ ነጋዴ እጅ ገባ። መጀመሪያ በመድኃኒትነት ተሸጠ። በ1683 የቡና መሸጫ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ተከፈተ፤ በ1720 ታኅሣሥ ወር ፍሎሪያኖ ፍራንቼስኮኒ «ድል አድራጊዋ ቬኒስ» ያለውን ቤት ከፈተ። ደንበኛው ግን «ፍሎሪያን ቤት እንሂድ» እያለ በባለቤቱ ስም ጠራው፤ ስሙም ጸና፤ ቤቱም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ሴቶችም ገብተው የሚቀመጡበት ቤት መሆኑ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ከተማዋ ከ200 በላይ ቡና ቤቶች ነበሯት። የከፋና የሐረር ቡና ልጅ የሆነ ሁሉ ያን ብርሃን የሞላበት አደባባይ ሲያስብ ድርሻውን ቢያስታውስ አይፈረድበትም።

በ1707 ቬኒስ የተወለደው ካርሎ ጎልዶኒ ይህን ሕይወት ከሁሉ የተሻለ አይቶታል። በአንድ የቲያትር ዘመን 16 ቀልዳዊ ድራማ እጽፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ፈጸመው፤ ከነሱ አንዱ በ1750 የቀረበው «ቡና ቤት» ነው። መድረኩ ትንሽ አደባባይ ነው። ቡና ቤት፣ ጸጉር ቤትና ቁማር ቤት ጎን ለጎን ቆመዋል። ድራማው ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል። ቡና ሻጩ ሪዶልፎ ሱቁን ሲከፍት ቁማርተኞቹ ገና አልወጡም። ይህ ቡና ሻጭ በቁማር የሚጠፋውን ወጣት ባለትዳር ለማዳን ይደክማል፤ ዶን ማርዚዮ የተባለው ሐሜተኛ ደግሞ ከቡና ቤቱ ወንበር ሳይነሣ የሰው ቤት ያፈርሳል። ጎልዶኒ ማታውን አልኮነነም፤ አላሞገሰምም። ማታውን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም በውስጡ የሚሠራው ሰው መሆኑን አሳየ። በዚህ ጉዳይ ከእሱ የተሻለ ዳኛ አላውቅም።

ቁማሩ ቤተሰብ ማፍረሱ እውነት ነው፤ አልሸፍነውም። በ1774 ታላቁ ሸንጎ ሪዶቶን በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ዘጋው፤ ጨዋታው ግን ካሲኖ ወደሚባሉ ትንንሽ የግል ቤቶች ተበተነ። ከነዚህ አንዱ፣ የኤሌና ቬኒየር የነበረው፣ በባሬቴሪ ድልድይ አጠገብ ዛሬም አለ። ወለሉ ላይ በር ያንኳኳውን ከላይ ሆኖ ለማየት የተበጀ ቀዳዳ ይታያል። በግንቦት 1797 ናፖሊዮን በር ላይ ሲደርስ ሸንጎው ራሱን አፈረሰ። መርከቧና ገበያዋ ግን ከዚያ በፊት መቶ ዓመት ቀድመው ደክመው ነበር፤ በነዚያ ዓመታት ሙዚቀኛውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ቀዛፊውን፣ አብሪውን፣ ምግብ አብሳዩን ያበላው ማታው ነው።

ነጻነቷ ከሄደ በኋላም ምሽቱ የቬኒሳውያን ልብ መለኪያ ሆኖ ቆየ። በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ለሁለት ተከፈለ፤ የኦስትሪያ መኮንኖች ኳድሪ ቡና ቤት ይቀመጣሉ፤ የከተማው ልጆች ፊት ለፊቱ ፍሎሪያን ይሰበሰባሉ። ሪፐብሊኳ ልትወድቅ አምስት ዓመት ሲቀራት፣ በ1792፣ የተከፈተው ላ ፌኒቼ ቲያትርም የዚሁ ልብ ነው። በ1836 ተቃጠለ፤ በዓመቱ ተሠርቶ ተከፈተ። ቬርዲ በ1853 «ላ ትራቪያታ» የተባለውን ኦፔራ ያቀረበው እዚያ ነው፤ በመጀመሪያው ምሽትም አልተሳካለትም። በጥር 29፣ 1996 ምሽት ሕንጻው ዳግም ነደደ። በአቅራቢያው ያለው ቦይ ለጥረጋ ደርቆ ስለነበር የእሳት አደጋ ጀልባዎች መጠጋት አልቻሉም። በኋላ ሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሆን ብለው በማቃጠል ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 2003 እንደነበረው ተሠርቶ ተከፈተ።

ለጎብኚ ሳይሆን ለራሱ ለነዋሪው የቀረ ማታ ካለ የሬደንቶሬ፣ ማለትም የመድኃኔዓለም በዓል፣ ዋዜማ ነው። በ1575 የጀመረው ወረርሽኝ ከተማዋን ሲጨርስ ሸንጎው ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ተሳለ፤ ንድፉን ፓላዲዮ ሠራ፤ በ1592 ተባረከ። በየዓመቱ በሐምሌ ሦስተኛ እሑድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቤተሰቡ ጀልባውን በቅጠልና በፋኖስ አስጊጦ ውሃው መሃል ይወጣል። በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሰርዲን፣ ሐብሐብ፣ ወይን ይቀርባል። ከዛቴሬ ዳርቻ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ወደ ጁዴካ ደሴት በተዘረጋው ተንሳፋፊ ድልድይ ሰው ለጸሎት ይሻገራል፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ርችት ሰማዩን ይሞላዋል። ስለቱን እየከፈሉ አብሮ መብላት! ከመላው የቬኒስ ምሽት አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የዛሬው ችግር ሌላ ነው። በ1951 የታሪካዊቷ ከተማ ነዋሪ 175,000 ገደማ ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። በሪያልቶ አቅራቢያ በሳን ባርቶሎሜዮ አደባባይ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት የነዋሪውን ቁጥር በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ቀን አደባባዩ እግር ማሳረፊያ የለውም፤ ሲመሽ ጎብኚው በባቡር ይሄዳል፤ ብዙ መስኮት ጨለማ ነው። በ2024 ከሚያዝያ ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የሚገባ የቀን ጎብኚ 5 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ፤ በከተማዋ የሚያድር እንግዳ ከዚህ ክፍያ ነጻ ነበር። ክፍያው ብቻውን ነዋሪ አይመልስም። ቤቶች ለእንግዳ ማረፊያነት ብቻ መከራየታቸው ካልተገደበ፣ ፋኖሱን የሚያበራ የከተማ ልጅ አይገኝም።

እንግዲህ ከሮም፣ ከሚላኖ ወይም ከሌላ አገር ወደዚያ የምትሄዱ አንባቢዎች፣ የመጨረሻውን ባቡር አትጠብቁ፤ እደሩ። ሲመሽ ቅዱስ ማርቆስን ትታችሁ ተማሪዎች ወደሚሰበሰቡበት ሳንታ ማርጌሪታ አደባባይ ሂዱ፤ በሪያልቶ ገበያ ዙሪያ ካሉት ባካሮ ከሚባሉ ትንንሽ የወይን ቤቶች በአንዱ ቆማችሁ ዓሣ የተደረበበት ቁራሽ ዳቦ ብሉ፤ ገንዘባችሁንም እዚያው ለሚኖር ሰው ክፈሉ።