ያልበረሩባት እሑድ

ዕለቱ እሑድ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ነበር። በሰሜን ካሮላይና፣ ኪቲ ሆክ አጠገብ ባለው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ አየሩ ሞቅ ብሏል፤ ነፋሱም ለሙከራ ተስማምቷል። ክረምቱ እየገባ ነው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት ደግሞ ለገና ቤታቸው መድረስ ይፈልጋሉ። ሆኖም አውሮፕላናቸውን ከመጠለያዋ አላወጡም። ቅዳሜ በልምምድ ላይ የተጎዳውን የጅራት ክፍል ጥገና እንኳ ለሰኞ አቆይተው ሲያነቡ ዋሉ። የጳጳስ ልጆች ናቸው፤ በአባታቸው ቤት እሑድ አይሠራም።

ይህችን እሑድ ደጋግሜ የማስባት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አቋቁመን ነበር። ዓላማችን የራሳችንን መጽሔት ማውጣት ነበር። ዳሩ ግን ለቤት ኪራይ ብለን የሠርግ ካርድ፣ ለዕዳ ብለን ደረሰኝ ስናትም፣ እሑድና በዓል ሳንል ስንሠራ፣ በሁለተኛው ዓመት ብዕር መጨበጥ አስጠላኝ። መጽሔቷ አንድ ቁጥር እንኳ ሳትወጣ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። «እረፍት በማጣት ነው» እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። የራይቶችን ታሪክ እስከ መጨረሻው ስከታተለው ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ወንድማማቾቹ በዴይተን፣ ኦሃዮ ከ1892 ጀምሮ ብስክሌት ሲሸጡና ሲጠግኑ፣ ኋላም ራሳቸው ሲሠሩ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው። የበረራ ሙከራቸውን ወጪ ከዚሁ ሱቅ ትርፍ ሸፈኑት፤ ጠቅላላው 1,000 ዶላር አልሞላም። ስመ ጥሩው ሳይንቲስት ሳሙኤል ላንግሊ ግን ከአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ተቀብሎ ነበር። የእሱ አውሮፕላን በዚያው ወር በ8ኛው ቀን ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀች፤ አብራሪው ለጥቂት ተረፈ። ላንግሊን ጋዜጠኞች ከበው ይጠብቁት ነበር። ራይቶችን የሚያጣድፋቸው አልነበረም።

ይህ ማለት ተስፋ መቁረጥ አላገኛቸውም ማለት አይደለም። በ1901 ሞተር አልባዋ መንሳፈፊያቸው በሊቃውንት ስሌት መሠረት አልነሣ ስትላቸው፣ «ሰው ገና 50 ዓመት አይበርም» ብሎ ለወንድሙ መናገሩን ዊልበር ራሱ ኋላ አውስቷል። ነገር ግን ወደ ሱቃቸው ተመልሰው፣ ነፋስ የሚያልፍበት የእንጨት ሣጥን ሠርተው 200 ያህል የክንፍ ቅርጾች ፈተኑ። የሰውን ስሌት ትተው የራሳቸውን ያዙ። ከዚያች እሑድ በኋላ፣ ሐሙስ ዲሴምበር 17፣ ኦርቪል ለ12 ሰኮንድ በረረ፤ በዕለቱ አራተኛ ሙከራ ዊልበር 59 ሰኮንድ አየር ላይ ቆየ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ምክሩ «በሰባተኛው ቀን ዕረፍ» በሆነ ነበር። ግን አላበቃም። በ1906 የፈጠራ መብታቸው ተመዘገበ፤ በ1909 ከኒው ዮርክ ባለሀብቶች ጋር ኩባንያ መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ግሌን ከርቲስን ከሰሱ። ክስ ክስን ወለደ። መብታቸውን ማስከበራቸው ስህተት ነበር አልልም። ሆኖም ዊልበር ከነፋሱ ሣጥን ርቆ ውሎው ከጠበቆች ጋር ሆነ። በ1912 መጀመሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ለምርምር ውሎ ቢሆን ምን ሊሠሩበት ይችሉ እንደነበር ሲያስብ እንደሚያዝን ገልጿል። በዚያው ዓመት ሜይ 30 ቀን በታይፎይድ ሞተ፤ ዕድሜው 45 ነበር። ታይፎይድ ከፍርድ ቤት አይመጣም፤ ቤተሰቡ ግን ሰውነቱን ያዳከመው ሙግቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦርቪል ኩባንያውን በ1915 ሸጦ ወደ ምርምሩ ተመለሰ፤ እስከ 1948ም ኖረ።

ልብ በሉ፤ ዊልበር እሑድን መቼም አልሻረም። በ1908 ፈረንሳይ ውስጥ ሕዝብ ሊያየው በጎረፈበት ጊዜ እንኳ እሑድ አልበረረም። ያደከመው የሰባተኛው ቀን ሥራ ሳይሆን የስድስቱ ቀናት ውሎ ነው። እኛም የተሰናከልነው እዚህ ይመስለኛል። የሠርግ ካርድ ማተም ነውር አልነበረም፤ ራይቶችም ብስክሌት ሸጠዋል። እነሱ ግን የብስክሌቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቁን ለሰው አደራ ብለው ወደ አሸዋው ይሄዱ ነበር። እኛ ለመጽሔታችን የለየንላት አንድም ወቅት አልነበረም።

ሰሞኑን ከባልንጀሮቼ አንዱ «እንደገና እንጀምር» ብሎኛል። እሺ ከማለቴ በፊት ከሳምንቱ የትኞቹ ቀናት የመጽሔቷ እንደሚሆኑ ጠየቅሁት። «እሱን ሥራው ራሱ ያሳየናል» አለኝ። እኔ ግን ቀኖቹን ቆጥረን በወረቀት ካላሰፈርን አልጀምርም አልኩት።