ከርዳታ ወደ ሥራ፤ የካሊፎርኒያው ምርመራ ታሪክ



መንግሥት ችግረኛ ቤተ ሰብን ለመርዳት ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ ለማን ይድረስ የሚለው ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ግን ተረጂው ሠርቶ በራሱ እንዲያድር ሲባል የወጣው ወጪ በውነት ፍሬ ሰጥቷልን? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ መዝገብ የሚይዘውና የሥራ መግለጫ የሚጽፈው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በርሱም ብዕር የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ይወሰናል። ዛሬ በዚሁ ነገር ላይ ትልቅ ትምህርት የሚገኝበትን የካሊፎርኒያን ታሪክ ባጭሩ እናወሳለን። ዘመናቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ ልጆች ላሏቸው ችግረኞች ይሰጥ የነበረው የማዕከላዊ መንግሥት ርዳታ የተመሠረተው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1935 ዓ.ም. በፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነው። የሕጉ አሳብ ባሏ የሞተባት እናት ልጆቿን ጥላ ለቅጥር ሥራ ሳትወጣ ከቤቷ ተቀምጣ እንድታሳድጋቸው ነበር። ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ከርዳታው ተቀባዮች መካከል ባላቸው የሞተባቸው ጥቂት፥ ከባላቸው የተለዩና ሳያገቡ የወለዱ ብዙ ሆኑ። በዚያው ልክ ርዳታ የማይቀበሉ እናቶች በብዛት ወደ ቢሮና ወደ ፋብሪካ ሥራ ገቡ። ጎረቤቷ ልጆቿን ለሞግዚት ትታ ስትሠራ ይህችኛዋ ለምን በግብር ከፋዩ ገንዘብ ትቀመጣለች የሚል ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህም በ1967 ዓ.ም. ተረጂዎች ወደ ሥራ እንዲመሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ዘዴ እንዲሞክር ሰፋ ያለ ፈቃድ ተሰጠ።

ካሊፎርኒያ በ1985 ዓ.ም. «ጌይን» የተባለውን ፕሮግራም በሕግ አቋቋመች። ሕጉ የሁለት ወገን ስምምነት ነበር። አንደኛው ወገን ርዳታ የሚቀበል ሰው ሥራ የመፈለግ ግዴታ አለበት ሲል፥ ሁለተኛው ወገን ትምህርትና ሙያ የሌለውን ሰው ሥራ ፈልግ ማለት ባዶ እጁን ወደ ገበያ መላክ ነው ይል ነበር። በመጨረሻው ሁለቱም አሳቦች በአንድ ሕግ ውስጥ ገቡ። የንባብና የሒሳብ ችሎታው ያልበቃ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያልፈጸመ የመማር ዕድል እንዲያገኝ፥ ሌላው ሥራ እንዲፈልግ፥ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለው ግን ርዳታው እንዲቀነስበት ተደነገገ። አፈጻጸሙ ለየአውራጃው አስተዳደር ስለ ተተወ አንዱ ሕግ በየቦታው የተለያየ መልክ ያዘ።

ከሎስ አንጀለስ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የሪቨርሳይድ አውራጃ ሥራን አስቀደመ። ሠራተኞቹ ለተረጂዎች የሚነግሩት ቃል አንድ ነበር፤ ደመወዙ ትንሽም ቢሆን የተገኘውን ሥራ ያዙ፥ ከዚያ ወደ ተሻለው ትሸጋገራላችሁ የሚል ነው። ከየድርጅቱ ክፍት የሥራ ቦታ የሚያፈላልጉ ልዩ ሠራተኞች ተመድበው ነበር፤ ሠራተኞቹም ስንት ሰው ሥራ እንዳስያዙ ይጠየቁ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኘው የአላሜዳ አውራጃ ግን ቤተ ሰብ ለማሳደር የማይበቃ ደመወዝ ሰውን ከርዳታ አያወጣም ብሎ ትምህርትን አስቀደመ። በእኛ አነጋገር ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለቱ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ቀላሉ መንገድ መዝገቡን ገልጦ መቍጠር ነው፤ ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ፥ ይህን ያህሉ ሥራ ያዘ፥ ይህን ያህሉ ከርዳታ ወጣ ብሎ መጻፍ ነው። ነገር ግን ይህ ቍጥር ያታልላል። ርዳታ ከሚቀበሉት ውስጥ ብዙዎቹ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በራሳቸው ጊዜ ሥራ ያገኛሉ፤ ልጅ ያድጋል፥ ሕመም ይድናል፥ ጋብቻ ይመጣል፥ ገበያው ይሞቃል። ይህን ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ስም አድርጎ የሚጽፍ ሰው ለዘነበው ዝናም ምስጋና እንደሚቀበል ያለ ነው። ከዚህም በቀር ለአጭር ጊዜ የተቸገሩትን የተቀበለ መሥሪያ ቤት ብርቱ መስሎ ሲታይ፥ ለብዙ ዓመት በችግር የኖሩትን የተቀበለው ደካማ መስሎ ይታያል።

ካሊፎርኒያ ይህን ችግር ለመፍታት በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመውንና ለትርፍ ያልቆመውን ኤም. ዲ. አር. ሲ. የተባለ የምርምር ድርጅት ጠራች። የድርጅቱ መሪ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ጁዲት ጌሮን ነበሩ። የመረጡት ዘዴ ዕጣ ነበር። ከ1988 እስከ 1990 ዓ.ም. በስድስት አውራጃዎች፥ ይኸውም በአላሜዳ፥ በቢዩት፥ በሎስ አንጀለስ፥ በሪቨርሳይድ፥ በሳን ዲዬጎና በቱላሪ፥ ወደ 33,000 የሚሆኑ ተረጂዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ወደ ፕሮግራሙ ገባ፤ ሁለተኛው ወገን ርዳታውን እንደ ቀድሞው እየተቀበለ ከፕሮግራሙ ግዴታና አገልግሎት ውጭ ሆነ። ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላምና ሁለቱ ወገኖች በጤናም፥ በትምህርትም፥ በትጋትም በጅምላው ተመሳሳይ ነበሩ። ስለዚህ ኋላ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የፕሮግራሙ ሥራ ነው ለማለት ተቻለ።

በርግጥ ችግረኛን ሰው በዕጣ ከአገልግሎት ማስቀረት ይገባልን? የሚል ተቃውሞ በእንዲህ ያለው ምርመራ ላይ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ይህ ነው፤ ገንዘቡ ለሁሉ በማይበቃበት ቦታ ዕጣ ከማንኛውም ማከፋፈያ የቀና ነው፤ ደግሞም ጥቅሙ ገና ያልታወቀውን ነገር ሳይመረምሩ በሚሊዮን ሰው ላይ ማዋል ከዚያ የከፋ በደል ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ዘገባ በ1994 ዓ.ም. ወጣ። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ሲታዩ፥ በስድስቱ አውራጃዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የፕሮግራሙ ወገን የሥራ ገቢ ከሌላው ወገን በአማካይ በ1,414 ዶላር፥ ማለት ከመቶ 22 እጅ በልጦ፥ የተቀበለው ርዳታ ደግሞ በ961 ዶላር፥ ማለት ከመቶ 6 እጅ አንሶ ተገኘ። በሪቨርሳይድ ግን ገቢው በ3,113 ዶላር፥ ከመቶ 49 እጅ በለጠ፤ ርዳታው በ1,983 ዶላር፥ ከመቶ 15 እጅ አነሰ። መንግሥት በዚያ አውራጃ ላወጣው ለእያንዳንዱ 1 ዶላር 2 ዶላር ከ84 ሳንቲም ተመለሰለት። ከስድስቱ አውራጃዎች ይህን ውጤት የተወዳደረ አልነበረም።

ቍጥሩን ግን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በሪቨርሳይድ ወደ ፕሮግራሙ ያልገባው ወገንም በሦስቱ ዓመት በአማካይ ወደ 6,300 ዶላር በራሱ ሠርቶ አግኝቷል፤ የገባው ወገን ያገኘው ወደ 9,400 ዶላር ነው። ዕጣው ባይኖር ኖሮ መሥሪያ ቤቱ 9,400 ዶላሩን በሙሉ የድካሜ ፍሬ ነው ብሎ በጻፈ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግን ሁለት ሦስተኛው ያለርሱም የሚመጣ ነበር። ሁለተኛም፥ 3,113 ዶላር ከሥራ ሲገኝ 1,983 ዶላር ርዳታ ስለ ቀረ፥ ሌላው ሁሉ ሳይታሰብ በቤተ ሰቡ እጅ የተረፈው 1,130 ዶላር ነው። ይህ በሦስት ዓመት ቀኖች ሲካፈል በቀን 1 ዶላር ያህል ይሆናል። ለመንግሥት ግምጃ ቤት ብርቱ ትርፍ የሆነው ነገር ለእናቲቱ ማዕድ በቀን አንድ ዶላር ነበር ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የተናገረ ግን ግማሹን እውነት ደብቋል።

ከዚያ በኋላ የሪቨርሳይድ ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ሥራ ይቅደም የሚለው አሳብ በብዙ ግዛቶች ተወሰደ፤ ሎስ አንጀለስም ለመሠረታዊ ትምህርት ቅድሚያ መስጠቷን ትታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ መንገድ ተከተለች። በ1996 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተውን ርዳታ አስቀርቶ በሌላ ተካው፤ ከማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ርዳታም ለአብዛኛው ቤተ ሰብ በዕድሜ ልኩ ከ5 ዓመት እንዳያልፍ ወሰነ። ለዚህ ሕግ መውጣት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም የሪቨርሳይድ ውጤት ሥራን ለሚያስቀድሙት ተከራካሪዎች ጥሩ ምስክር ሆኖ ቀርቧል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። የኤኮኖሚ ሊቃውንት ጆሴፍ ሆትዝ፥ ጊዶ ኢምበንስና ጄኮብ ክለርማን በዕጣ የተለዩትን የዚያኑ ዘመን ሰዎች የደመወዝ መዝገብ እስከ ዘጠኝ ዓመት ተከትለው የአላሜዳን፥ የሎስ አንጀለስን፥ የሪቨርሳይድንና የሳን ዲዬጎን ሥራ እንደ ገና መረመሩት። ጥናታቸው በ2006 ዓ.ም. ታተመ፤ ኢምበንስም በ2021 ዓ.ም. በኤኮኖሚ የኖቤልን ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ናቸው። ሊቃውንቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። አላሜዳና ሎስ አንጀለስ በዚያ ምርመራ ጊዜ የተቀበሉት ለብዙ ዓመት በርዳታ ላይ የኖሩትን ነበር፤ ሪቨርሳይድ ግን አዳዲሶቹንም ጭምር ተቀብሏል። ይህና የየአውራጃው የሥራ ገበያ ልዩነት በሒሳብ ከተስተካከለ በኋላ፥ በፊተኞቹ ዓመታት የታየው የሪቨርሳይድ ብልጫ እየቀነሰ ሄዶ፥ በኋለኞቹ ዓመታት ትምህርትንና ሥልጠናን ያስቀደሙት በሥራም በገቢም በልጠው ተገኙ።

ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚማር ሰው በሚማርበት ጊዜ ደመወዝ አያገኝም፤ በሦስተኛው ዓመት መዝገቡ ሲዘጋ ወጪው ተቈጥሯል፥ ፍሬው ግን ገና በማሳው ላይ ነው። የ1994 ዓ.ም. ዘገባ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን በጥንቃቄ መልሷል። ያጠፋው የሦስት ዓመቱን መልስ የዘለዓለም ፍርድ አድርጎ የወሰደው ሰሚ ነው።

እንዲህም ሲባል ሥራ ይቅርና ትምህርት ብቻ ይሁን ማለት ያው የቀድሞው ችኮላ ነው። በልዩ ልዩ ከተሞች 11 ፕሮግራሞችን በዕጣ ዘዴ የመረመረና በ2001 ዓ.ም. የተፈጸመ ሌላ ጥናት ከሁሉ የላቀ ውጤት ያየው በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ነው። በዚያ ሠራተኞቹ ተረጂዎችን ወደ ሥራ ያተጉ ነበር፤ ነገር ግን አጭር ሥልጠና የሚያስፈልገው እንዲሠለጥን፥ ሥራ ፈላጊውም ደኅና ደመወዝ ያለውን ሥራ እንዲመርጥ ይመክሩ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለዘገባ ጸሐፊ ሁሉ አራት ጥያቄዎች ይተርፋሉ። ፕሮግራሙ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? የተቀበልነው ማንን ነው? ትርፉ የመንግሥት ነው ወይስ የቤተ ሰቡ? መዝገቡንስ የዘጋነው በስንተኛው ዓመት ነው? እነዚህን ያልመለሰ መግለጫ ቍጥሩ ቢበዛም ምስክርነቱ ያነሰ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዘገባ ቸኩሎ የፈሰሰውን ግን ለቅሞ የሚጨርሰው ጸሐፊው አይደለም፤ ርዳታው የቀረባት እናትና ልጆቿ ናቸው።