አይፈለጌ የማስታወቂያ መልእክት

አይፈለጌ የማስታወቂያ መልእክት (በተለምዶ ስፓም) ማለት ተቀባዩ ሳይጠይቅ ወይም ሳይፈቅድ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ሲባል በኢሜይል፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በመሰል መንገድ በብዛት የሚላክ መልእክት ነው። አንዳንድ ጊዜ መነሻው ሰውየው ራሱ ለአንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲመዘገብ የሰጠው አድራሻ ነው። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጀል ያስጠይቃል።

ስያሜ

«ስፓም» እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ የታሸገ ሥጋ ስም ነው። ሞንቲ ፓይተን የተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳየው ጭውውት ይህ ቃል እየተደጋገመ ሌላውን ንግግር ሁሉ ይውጠዋል። ቃሉ ለመልእክት የዋለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። በአማርኛ «አይፈለጌ መልእክት» የሚለው ስያሜ ተለምዷል።

ታሪክ

የመጀመሪያው አይፈለጌ የማስታወቂያ ኢሜይል ተብሎ የሚጠቀሰው ጋሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒዩተር ሻጭ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 በአርፓኔት መረብ ለ400 ያህል ሰዎች የላከው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ደግሞ ሁለት የአሪዞና ጠበቆች፣ በኢትዮጵያ «ዲቪ» ተብሎ ለሚታወቀው የአሜሪካ ዕጣ ማመልከቻ በክፍያ እንሞላለን የሚል ማስታወቂያ ከ5,000 በላይ በሆኑ የዩዝኔት የውይይት ቡድኖች ለጠፉ። «ስፓም» የሚለው ቃል በሰፊው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

አሠራር

በኢሜይል ለአንድ ሰውም ሆነ ለመቶ ሺህ ሰው መላክ የወጪው ልዩነት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከብዙ ሺህ ተቀባዮች ጥቂቶች ቢገዙ ለላኪው ያዋጣዋል። የማንበብና የማጥፋት ድካም የሚቀረው በተቀባዩ ላይ ነው።

በምዝገባ ቅጽ ግርጌ «ቅናሾችንና ዜናዎችን ላኩልኝ» የሚል ሣጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ሊገኝ ይችላል። ተመዝጋቢው ካላነሣው እንደ ፈቀደ ይቆጠርበታል። አንዳንድ የአጠቃቀም ውሎችም አድራሻው ለ«አጋር ድርጅቶች» እንዲተላለፍ ይፈቅዳሉ። በኢሜይሉ ውስጥ የሚደበቅ በዓይን የማይታይ ትንሽ ምስል መልእክቱ መከፈቱን ለላኪው ሊያሳውቅ ይችላል።

የክፍያ ደረሰኝና የማረጋገጫ ቁጥር ግን ተጠቃሚው ከጀመረው አገልግሎት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አይፈለጌ መልእክት አይባሉም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩና በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ብዙ ነዋሪዎቻቸው ለሥራና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚገኘው በእጅ ስልክ፣ በሚገዛ የዳታ ጥቅል ነው። በመሆኑም ምስል የበዛበት የማስታወቂያ ኢሜይል ከገዛው ጥቅል ላይ ይቀንሳል።

ከገንዘቡም በላይ ጉዳቱ ሌላ ነው። ሥራ ፈላጊ በብዙ የቅጥር ድረ ገጾች ሲመዘገብ የኢሜይል ሣጥኑ በማስታወቂያ ይሞላል፤ የፈተና ወይም የቃለ መጠይቅ ጥሪም በመካከሉ ሊያመልጠው ይችላል። ማጣሪያውም አንዳንዴ ተፈላጊውን ደብዳቤ ወደ አይፈለጌ ማኅደር ይወስደዋል።

እንደ ቴሌብር ባሉ አገልግሎቶች ምዝገባው በስልክ ቁጥር ስለሆነ በኢትዮጵያ ማስታወቂያ በአጭር መልእክትም በብዛት ይደርሳል። ከአጭር ቁጥር የሚላኩ አንዳንድ የደንበኝነት አገልግሎቶች በየቀኑ ከስልኩ ሂሳብ ይቆርጣሉ።

ሕግ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ፣ ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ መልእክት በኢሜይል ወይም በመሰል የኮምፒዩተር አድራሻ የሚያሰራጭን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ነገሩ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር ይደርሳል። ተቀባዩ አስቀድሞ ከፈቀደ፣ ወይም መልእክቱ የላኪውን ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም ቀላል የማቋረጫ መንገድ ከያዘ ግን በወንጀል አያስጠይቅም። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ ሳይነበብ የታለፈ ሣጥን የተቀባዩን አቤቱታ ሊያዳክም ይችላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ ሰው የሰጠውን ፈቃድ መልሶ የማንሣት መብት ይሰጠዋል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መከላከያ

* በምዝገባ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸውን ሣጥኖች ማንሣት፤
* ለሥራ ማመልከቻ አንድ፣ ለግዢና ለመዝናኛ ሌላ የኢሜይል አድራሻ መያዝ፤
* በጂሜይል ከስም ቀጥሎ የመደመር ምልክትና የድርጅቱን መጠሪያ ጨምሮ መመዝገብ፤ መልእክቱ ወደዚያው ሣጥን ሲገባ አድራሻውን ማን እንዳስተላለፈው ያሳያል፤
* ከታወቀ ድርጅት የመጣውን በማቋረጫ አገናኙ ማቆም። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ብዙ ማስታወቂያ የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ንክኪ የሚሠራ ማቋረጫ እንዲያቀርቡ ይጠይቃሉ፤
* ከማይታወቅ ላኪ የመጣውን አገናኝ አለመንካት፤ መንካቱ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጥለታል። እንዲህ ያለውን «አይፈለጌ» ብሎ ማመልከት ይሻላል፤
* የአጭር ቁጥር አገልግሎትን በመልእክቱ ላይ በተገለጸው የማቋረጫ ቃል መዝጋት።