የጥንት ሥልጣኔዎች ውድቀትና የመንሥኤው ጥያቄ፤ አክሱምና ማያ በንጽጽር

ስለ ጥንት ሥልጣኔዎች ውድቀት የሚጠየቁ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቅባቸው አንድ መንሥኤ መጥራት ነው፤ ወራሪ፣ ድርቅ ወይም የንግድ መቋረጥ። ይሁን እንጂ ከመንሥኤው አስቀድሞ «የወደቀው ምንድን ነው? መቼስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለዚህም አክሱምንና በመካከለኛው አሜሪካ የነበረውን የማያ ሥልጣኔ ማነጻጸር ይጠቅማል።

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ያሠሩ ነበር፤ ይህም በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ቆመ። ቀደም ሲል በ570 እ.ኤ.አ. ገደማ ፋርሶች ደቡብ ዐረብን ይዘዋል፤ የአዱሊስ የባሕር ንግድም ተዳክሟል። ካርል ቡትዘር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአፈር መሸርሸርን ከመንሥኤዎቹ ጋር ቈጥረውታል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ጉዳቱ የተባለውን ያህል ከባድ ስለ መሆኑ ጥርጣሬ አሳድረዋል። በትውፊት አክሱምን አጠፋች የምትባለው ዮዲት የምትነሣው በዐሥረኛው ምዕተ ዓመት ነው። ስለዚህ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለቆመው ገንዘብ መንሥኤ ልትሆን አትችልም።

በማያም ምድር የደቡቡ ቆላ ከተሞች ከስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እየተራቈቱ ሄዱ። በቲካል ዘመኑ ተቀርጾበት የተገኘው የመጨረሻ ሐውልት የ869 እ.ኤ.አ. ነው። በዩካታን የሚገኘው የቺቻንካናብ ሐይቅ ደለል በዚያ ዘመን ብርቱ ድርቅ እንደ ነበረ ያመለክታል። ነገር ግን ዝናብ ይበልጥ በሚያንስበት በሰሜኑ ክፍል ቺቼን ኢትዛ በዚያው ዘመን ገንና ነበር። ስለሆነም ድርቁ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ በከተሞቹ መካከል የነበረው ጦርነትና የነገሥታቱ ተሰሚነት ማጣትም አብረው መታየት አለባቸው።

በሁለቱም ዘንድ ያከተመው የቤተ መንግሥት ሥርዓት እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ከአክሱም በኋላ የግእዝ ጽሕፈት፣ ቤተ ክርስቲያንና የበሬ እርሻ ቀጥለዋል። የማያ ቋንቋዎችንም ዛሬ ሚሊዮኖች ይናገሩባቸዋል።

በመሆኑም መምህሩ ተማሪዎቹን በቅድሚያ ያቋረጠውንና የቀጠለውን ከነዘመኑ በሠንጠረዥ እንዲያሰፍሩ ቢያደርግ ይመረጣል። ከውጤቱ በኋላ የመጣ መንሥኤ በዚህ ጊዜ ራሱ ይወድቃል፤ የቀሩትም እርስ በርሳቸው ይመዘናሉ። የፈተና ጥያቄም «የውድቀቱ ምክንያት ምንድን ነው?» ከሚል ይልቅ «የትኛው ማስረጃ የትኛውን ምክንያት ይደግፋል?» ቢል፣ ተማሪው በቃል ከማጥናት አልፎ ማመዛዘንን ይለምዳል።