ያልረጋ ሚኒሞ፦ የአሮጌ ናፍጣ ሞተር መንቀጥቀጥና ምርመራው

ሚኒሞ መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። በአሮጌ ናፍጣ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ዙር ይሆናል። በዚህ ዙር ላይ የሞተሩ ምት ሲዛባ፣ መሪውና ወንበሩ ሲንቀጠቀጡ፣ አንዳንዴም ሞተሩ ሊጠፋ ሲል በእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት «ራፍ አይድል» ይባላል። ለዚህ የሚስማማው የአማርኛ ስያሜ «ያልረጋ ሚኒሞ» ነው፤ ሚኒሞ ከጣሊያንኛ ገብቶ በየጋራዡ የተለመደ ቃል ነውና።

ያልረጋ ሚኒሞ በመሠረቱ የሲሊንደሮች አለመመጣጠን ነው። በሃይሉክስና በሚኒባሶች ላይ የሚገኙት የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች አራት ሲሊንደር አላቸው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ያቃጥላል፤ ስለዚህ በደቂቃ 700 ዙር ላይ በሴኮንድ 23 ያህል ምት ይኖራል። አንዱ ሲሊንደር ሲደክም በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ምት ይጎድላል፤ አሽከርካሪው የሚሰማው መንቀጥቀጥም ይኸው ነው። በሚኒሞ ለእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ናፍጣ ጥቂት ኪዩቢክ ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ ትንሽ ልዩነት እንኳ ጎልቶ ይታያል። ዙሩ ሲጨምር ጉድለቱ ይሸፈናል። ሚኒሞውን በብሎን ከፍ ማድረግ መንቀጥቀጡን የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ግን ምልክቱን መደበቅ እንጂ ጥገና አይደለም።

ምርመራው የሚጀምረው ችግሩ መቼ እንደሚታይ በመለየት ነው። ጠዋት ብቻ ነጭ ጭስ እያወጣ ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚረጋ ሞተር በቅድሚያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይፈተሻሉ። ከአራቱ አንዱ ከተቃጠለ ያ ሲሊንደር እስኪሞቅ ድረስ በደንብ አያቃጥልም።

ሞቆም የማይረጋ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ በናፍጣው ውስጥ የገባ አየር ነው። በእነዚህ ሞተሮች ናፍጣውን ከታንከሩ የሚስበው፣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ራሱ ፖምፓው ነው። መስመሩ በመሳብ ላይ ስለሆነ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም ያረጀ የፊልትሮ የእጅ ፓምፕ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ ከተገጠመ አረፋው በዓይን ይታያል። ወጪው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይህን ፍተሻ መዝለል አይገባም። ምቱ ሳይዛባ ዙሩ በዝግታ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አየር ወይም የፖምፓው ዙር መቆጣጠሪያ ይበልጥ ይጠረጠራል።

አየር ከሌለ የደከመው ሲሊንደር ይፈለጋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ናፍጣ ወደ አንዱ ሲሊንደር የሚረጨው ኖዝል የቧንቧ ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል ይላላል፤ ናፍጣው ወደ ውጭ ስለሚፈስ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሲላላ ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ምንም ለውጥ ካልታየ ቀድሞም አይሠራም ነበር ማለት ነው። በግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ መነጽር ማድረግና እጅን ማራቅ ግዴታ ነው። ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ በሚደርስ ኮመን ሬይል ሞተር ላይ ግን ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ኖዝል አዲስ ሮንዴላ ተደርጎለት ከጤነኛው ሲሊንደር ኖዝል ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ችግሩ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው፤ ያንጠባጥባል ወይም በትክክለኛው ግፊት አይከፍትም። እዚያው ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካል።

በልኬቱ ላይ የቦታው ከፍታ መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአዲስ አበባ 23 ባር አካባቢ ቢያሳይ አልቋል ማለት አይደለም። ይህን ባለማገናዘብ ደህና ሞተር ማስፈታት ከባድ ኪሳራ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ያስረዳል፤ ልዩነቱ ከ5 ባር ሲያልፍ ያሳስባል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። አንዱ ብቻ ከወረደ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፤ ቀጥሎም ቫልቭና የፒስተን ፋሻ ይመረመራሉ።

ፖምፓውን መፍታት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከመፈታቱ በፊት የመርጫ ጊዜው ይረጋገጣል፤ ከዚያም በመፈተሻ ማሽን ላይ ተሰቅሎ ለየሲሊንደሩ የሚልከው መጠን ይለካል። ሁሉም ተመጣጥኖ ሳለ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የላላው ወይም የተቀደደው ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ነው።