በጓሮ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር የቤት ገዢን ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቤት የሚገዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በብርድ ወራት የሚሞቁት ከናፍጣ እምብዛም በማይለይ ነዳጅ ነበር። ነዳጁ የሚቀመጠው ምድር ቤት ውስጥ በቆመ ወይም ጓሮ በተቀበረ የብረት ታንከር ነው። ማሞቂያው ወደ ጋዝ ሲቀየር የተቀበረው ታንከር ብዙ ጊዜ እዚያው ይረሳል።

ብረቱ በአፈሩ እርጥበት ከውጭ፣ ሥሩ በሚጠራቀመው ውኃ ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ለዓመታት ስታንጠባጥብ የሚያይ የለም። ነዳጁ ከርሰ ምድር ውኃ ከደረሰ ወጪው ያሻቅባል፤ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት ካለ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። የፌዴራሉ የተቀበሩ ታንከሮች ደንብ እዚያው ቤት ለሚነድ የማሞቂያ ነዳጅ አይሠራም፤ ጉዳዩ ለየስቴቱ የተተወ ነው። አብዛኛው የቤት ኢንሹራንስም ብክለትን አይሸፍንም።

ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ጓሮውን ዞሮ ማየት ያዋጣል። ከሣር መሐል ወይም ከግድግዳ ሥር ብቅ ያለ የብረት ቧንቧ፣ ምድር ቤት ውስጥ ተቆርጦ የቀረ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። የተለመደው የቤት ፍተሻ ይህን ላያካትት ስለሚችል፣ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ የሚያስስ ባለሙያ መቅጠር ይሻላል። ታንከር ከተገኘ ከጎኑና ከሥሩ የአፈር ናሙና ይወሰዳል።

ምድር ቤት ለቆመ፣ አሁንም ለሚሠራ ታንከር ደካማው ቦታ በሲሚንቶ ወለል ሥር የሚያልፈው ቱቦ ነው። ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ ቱቦው መከላከያ ሽፋን ወይም የደኅንነት ቫልቭ እንዲኖረው አስገድዷል። ታንከሩ ሲነሣ መሙያ ቧንቧውም አብሮ መነሣት አለበት። ቀልድ ይመስላል እንጂ፣ አድራሻ የተሳሳተ ቦቴ ታንከር የሌለው ምድር ቤት ውስጥ ነዳጅ የገለበጠበት አጋጣሚ አለ።

ከፈሰሰ ቫልቩን ዘግቶ በሰጋቱራ ማስመጠጥ ነው። በውኃና በሳሙና ማጠብ ነዳጁን ወደ አፈሩና ወደ ፍሳሽ ቦዩ መስደድ ይሆናል። ቀጥሎ ለስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ የማጽጃ ወጪን የሚተካ ፈንድ አላት፤ መሥሪያ ቤቱን ሳያነጋግሩ ቁፋሮ መጀመር ግን ገንዘቡን ሊያስቀር ይችላል።

ጽዳቱ ታንከሩን አውጥቶ የተበከለውን አፈር ፈቃድ ወዳለው ማስወገጃ መጫን ነው። ከቤቱ መሠረት ሥር የገባውን መቆፈር ስለማይቻል፣ አንዳንዴ አየር እየተነፋ ባክቴሪያዎች እንዲበሉት ይደረጋል፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል። ጉዳዩ ሲዘጋ የሚሰጠው ደብዳቤ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ገዢ መጠየቁ አይቀርም።